የአባላት ልገሳና የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፦ ከደሴ የተጻፈ ግምገማ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ሙያ የምንሠራ ጥቂት ባልደረቦች፣ ከመደበኛው የአባልነት መዋጮ በተጨማሪ ለሙያ ማኅበራት የግል ልገሳ መስጠት ከጀመርን ቆይተናል። ልገሳ በፈቃድ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ ከእጅ ከወጣ በኋላ ተቀባዩ በአግባቡ የመያዝ፣ በተባለው ጉዳይ ላይ የማዋልና የዋለበትን ለሰጪው የማሳወቅ ኃላፊነት ይወስዳል። ይህም እንደ ማንኛውም ገንዘብ እንደሚከፈልበት አገልግሎት ሊመዘን ይገባዋል ብዬ ስለማምን፣ ከዚህ በታች በዋናነት የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የአባላቱን ልገሳ የሚሰበስብበትንና የሚያውልበትን አሠራር፣ ለንጽጽር ያህል ደግሞ የአፍሪካውንና የአገር ቤቱን አሠራር እገመግማለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ቺካጎ ላይ የተሰበሰበ ገንዘብ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ላለ ኦፕሬሽን ክፍል ምን ያህል ይቀርባል?

በመጀመሪያ መዋጮንና ልገሳን መለየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ባልደረቦቼ ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ «ዓመታዊውን ከፍያለሁ፣ ደግሞ ምን ቀረብኝ?» ይላሉ። መዋጮ ማኅበሩ በሩን ከፍቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ገንዘብ ነው፤ የጽሕፈት ቤት ወጪ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የአባላት መዝገብና ዓመታዊው ጉባኤ በአብዛኛው ከእርሱ ይሸፈናሉ። ከዚያ የሚያልፈው ሥራ፣ ማለትም ለወጣት ሐኪም የሚሰጥ የትምህርት ድጋፍ፣ የምርምር ገንዘብ፣ ከፍለው መሠልጠን ለማይችሉ የሚዘጋጅ ሥልጠና፣ ያለ ልገሳ አይቆምም። ወሎ ውስጥ ቅሬ (እድር) ያለው ሰው ይህን ልዩነት ለመረዳት አይቸገርም፤ በየወሩ የሚከፈለው ለድንኳን፣ ለዕቃና ለቀብር ማስፈጸሚያ የሚውል ሲሆን፣ የአንድ አባል ቤት በእሳት ቢወድም ለእርሱ ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ በሌላ ገጽ ይጻፋል፤ ገንዘብ ያዡ ሁለቱን ቢያደባልቅ በጉባኤ ፊት ይጠየቃል።

የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1913 በዶክተር ፍራንክሊን ማርቲን አነሳሽነት የተመሠረተ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ የሆነ፣ ዛሬ ከ80,000 በላይ አባላት ያሉት የሙያ ማኅበር ነው። ልገሳን የሚሰበስበው ግን ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው። ይህ መለያየት ተራ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ በተግባር ግን ለሰጪው ትልቅ ዋስትና ነው፤ የመዋጮው ሒሳብና የልገሳው ሒሳብ በአንድ ኪስ ውስጥ አይገናኙምና። ገንዘብ የሚልክ አባል ልገሳው ለምን ዓላማ እንዲውል ራሱ ይመርጣል፤ ለትምህርት ድጋፍ፣ ለአደጋ ሕክምና ሥልጠና፣ በችግር ላይ ላሉ አገሮች ለሚደረግ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት እያለ ያመለክታል፤ መምረጥ ያልፈለገ ደግሞ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ጉዳይ እንዲውል ለጋራው ቋት ይተወዋል። በኑዛዜ የሚሰጡም አሉ። አንዳንዱ የትምህርት ድጋፍ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ከሚያስገኘው ትርፍ ስለሚከፈል፣ ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳ በስሙ ወጣት ሐኪሞች ይማራሉ።

ግልጽነቱንም አደንቃለሁ። በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ከግብር ነጻ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ «ቅጽ 990» የሚባለውን መግለጫ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ መግለጫውን ማንም ሰው ጠይቆ ማንበብ ይችላል። ገቢው፣ ለድጋፍ የወጣው፣ ለአስተዳደርና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የዋለው፣ የኃላፊዎች ክፍያ ሳይቀር ተዘርዝሮ ይገኛል። ቅጹ አሰልቺ ነው፤ የታክስ ባለሙያ ላልሆነ ሰው ብዙው ገጽ አይገባም። ቢሆንም ከመለገሱ በፊት ሰዓት ሰጥቶ የሚያነበው ሰው፣ በጉባኤ አዳራሽ ከሚሰማው ንግግር የበለጠ ያውቃል።

ወደ እኛ ወደሚቀርበው ልምጣ። ኮሌጁ «ኦፕሬሽን ጊቪንግ ባክ» የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክፍል አለው። ይህ ክፍል ከምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር በመተባበር ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ውስጥ የሥልጠና ማዕከል አቋቁሟል። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች በአንድነት ተስማምተው መምህራን ሐኪሞቻቸውን ተራ በተራ ይልካሉ፤ የሚመጡት ሐኪሞች ለብቻቸው ቀዶ ሕክምና ሠርተው የሚሄዱ ሳይሆኑ፣ ከሆስፒታሉ መምህራንና ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ካሉ ሐኪሞች) ጎን ቆመው የሚያስተምሩ፣ በምርምርና በጥራት ማሻሻያ ሥራም የሚሳተፉ ናቸው።

ይህን አሠራር ከሌላው ሁሉ አብልጬ የማመሰግንበት ምክንያት አለኝ። በአገራችን የዘመቻ ሕክምና የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡድኑ ይመጣል፣ ወረፋው ይቀላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ቡድኑ ይሄዳል። የታከመው ሰው ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ወይም እንቅርቱ ከወጣለት በኋላ ካልሲየሙ ወርዶ እጁ ሲኮማተር ግን፣ የዘመቻውን ታሪክ የማያውቅ ተረኛ ሐኪም ከባዶ ይጀምራል። ሐዋሳ ላይ የተያዘው መንገድ ገንዘቡን በሚቀረው ሰው ላይ ያውላል። አንድ ሬዚደንት በደንብ ሰልጥኖ ቢወጣ፣ ቀጥሎ በሚመደብበት ሆስፒታል ሁሉ ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ለሰጪው ከዚህ የተሻለ ምላሽ አይታየኝም።

ነገር ግን ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደሴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለአንድ ማዕከል የተሰጠ ልገሳ በቅድሚያ ማዕከሉን ይጠቅማል፤ የእኛ ሬዚደንቶች የሚጠቀሙት ሰው አግኝተው ሲሄዱ ወይም ሐዋሳ የሠለጠነ ባልደረባ ወደ ሰሜን ሲመደብ ብቻ ነው። ይህን እንደ ጥፋት አላየውም፤ ሁሉም ቦታ ጥቂት ከመርጨት አንድ ቦታ አጠንክሮ መትከል ይሻላል። ሆኖም ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የደቡብ ወሎን ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ከሰሜን ወሎ፣ ከዋግ ኽምራ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር የሚላኩ ሕሙማንን ጭምር የሚቀበል በመሆኑ፣ ሁለተኛው ማዕከል የት ይሁን የሚለው ጥያቄ በተነሣ ጊዜ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ መገኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሙያ ማኅበር ከኋላ ሲቆም አንድ ሐሳብ የት ድረስ እንደሚደርስ ለማየት የአደጋ ሕክምና ኮርሱን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ነብራስካ ገጠር ላይ ተከሰከሰች፤ ባለቤቱ ሞተች፣ ልጆቹም ክፉኛ ተጎዱ። በአቅራቢያው ባለ የገጠር ሆስፒታል ያገኙት ሕክምና እርሱ ራሱ ሜዳ ላይ ካደረገላቸው ያነሰ ሆኖ ስላገኘው፣ የገጠር ሐኪሞች ከባድ አደጋ የደረሰበትን ሰው በቅደም ተከተል እንዲያክሙ የሚያስተምር ኮርስ ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጀ። የመጀመሪያው ኮርስ በ1978 ተሰጠ፤ በ1980 ኮሌጁ ተቀብሎ የራሱ አደረገው። መጀመሪያ የመተንፈሻውን መስመር፣ ቀጥሎ አተነፋፈስን፣ ከዚያም የደም ዝውውርን ማየት የሚለው ዛሬ ወልድያም ሆነ ኮምቦልቻ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምንከተለው ቅደም ተከተል ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከሐርቡ እስከ ደሴ ያለውን ዳገትና ጠመዝማዛ በሌሊት የሚወጡ የጭነት መኪኖችን የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ለወሎ ምን ማለት እንደሆነ ሊነገረው አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ቅሬታዬም ይጀምራል። የኮሌጁ ኮርስ በፈቃድ የሚሰጥ፣ መምህራኑም መሣሪያውም ዋጋቸው ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በእኛ አቅም ያለ ሆስፒታል በራሱ ሊያዘጋጀው አይችልም። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ይበልጥ የተለመደው ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በጥቂት መሣሪያ የሚሰጠው «ፕራይመሪ ትራውማ ኬር» የተባለው ኮርስ ነው። ስለዚህ ለአደጋ ሕክምና ብሎ የሚለግስ ወሎዬ ገንዘቡ የትኛውን ኮርስ እንደሚያግዝ ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሌላ ዓይነት ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ ይገኛል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ 14 አባል አገሮች አሉት። ሠልጣኙ በሚሠራበት፣ ኮሌጁ በመረመረውና ዕውቅና በሰጠው ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ስለሚማር ግንብ የሌለው ኮሌጅ ይሉታል። ከአየርላንድ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ጋር ከ2007 ጀምሮ የቆየ ትብብር አለው። ሠልጣኙ የትምህርት ቤት ሕንፃ ባይከፍልም የፈተና ክፍያ አለበት፤ ፈተናውም በአባል አገሮች እየተዘዋወረ ስለሚካሄድ የአውሮፕላን ትኬትና የማረፊያ ወጪ ይጨመርበታል። በሬዚደንት ደመወዝ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ሐኪም እዚህ ላይ ነው የምትቆመው፤ ዕውቀት አንሷት ሳይሆን ትኬት ቸግሯት።

የአሜሪካው ኮሌጅ ልገሳ ከሚደርስባቸው ቦታዎች ይበልጥ ልቤን የነካው ይህ ነው፤ ከአፍሪካው ኮሌጅ ጋር ባለው የሴቶች የትምህርት ድጋፍ አማካኝነት፣ ሥልጠናቸውን ለመጨረስ የተቃረቡ ሴት ሠልጣኞች እንዲህ ያለው ወጪ እንዲቃለልላቸው ይደረጋል። የገንዘቡ መጠን ለአሜሪካዊ ሐኪም ትንሽ ነው፤ በቀጠናው ያሉ ሴት ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት በመሆናቸው ግን እያንዳንዷ የምታልፈው ፈተና በቁጥር ላይ ይታያል። ወሎ ውስጥ የጡት ዕጢዋን ለወንድ ሐኪም ለማሳየት አፍራ ደብቃ የምትቆይና በመጨረሻ ቆስሎ ሲገማ የምትመጣ እናት ያየ ሰው፣ የአንዲት ሴት ሰርጅን መመረቅ ለሙያው ክብር ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። «አብሽሪ እናቴ፣ ሴት ሐኪም አለች» ብሎ መናገር መቻል ራሱ ሕክምና ነው።

ልገሳ የማይሠራውንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅሙ የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና በወቅቱ እንደማያገኝ፣ ክፍተቱን ለመሙላትም በየዓመቱ 143 ሚሊዮን ተጨማሪ ቀዶ ሕክምናዎች እንደሚያስፈልጉ ገልጿል። እንዲህ ያለውን ጉድለት የአባላት ልገሳ አይሞላውም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሆስፒታል መሣሪያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ ክፍተቱን ለመሙላት መንግሥት፣ ሌሎች ሆስፒታሎች፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በውጭ ያሉ ወገኖች ተረባርበዋል፤ ያን ያህል ነገር አንድ የሙያ ማኅበር ብቻውን ሊተካ አይችልም፤ ሥራውም አይደለም። አንጀቱ ተጠምዝዞ ከደላንታ በአንቡላንስ የሚመጣ ገበሬ የሚያስፈልገው መንገድ፣ ደም፣ ኦክስጅንና ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ ነው። ማኅበሩ የሚጨምረው በቢላው ጫፍ ያለውን ዕውቀት ነው፤ ለዚያም ነው ልገሳዬን የምለካው በሠለጠነ ሰው እንጂ በተላከ ካርቶን ያልሆነው።

ለካርቶን ያለኝ ጥርጣሬ መነሻ አለው። ከውጭ በመልካም ልብ የሚላኩ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ መሰኪያቸው የማይገጥም፣ መለዋወጫ የሌላቸው ወይም ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረበ ሆነው ይመጣሉና። በዚህ ረገድ እንደ ጥሩ ምሳሌ የማነሣው እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተውን ላይፍቦክስን ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል የሰመመን ሐኪሞች ማኅበራት ይገኙበታል። በጠንካራ ሁኔታ የተሠራ የደም ኦክስጅን መለኪያ ከሥልጠና ጋር ያቀርባል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን እንዲቀንስ «ክሊን ከት» የተባለ መርሐ ግብር ያካሂዳል። ዕቃው ከሥልጠናው ጋር ስለሚመጣ መጋዘን ውስጥ አይቀርም።

የአከፋፈሉ ጉዳይ ለእኛ ቀላል አይደለም። የፋውንዴሽኑ ቅጽ የውጭ አገር ካርድ ላለው ሰው ቀላልና ግልጽ ነው፤ ደሴ ላይ በብር ደመወዝ የሚቀበል ሐኪም ግን ዶላር የሚከፍልበት ካርድ ለማግኘት ባንክ ቤት መመላለስ አለበት። አብዛኞቻችን የምናደርገው አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት እንዲከፍልልን መጠየቅ ነው። ይህም የራሱ ችግር አለው፤ ደረሰኙ በከፋዩ ስም ይወጣል፣ የግብር ቅናሹም የእርሱ ይሆናል። ዘመዶቻችን ቅር አይላቸውም፤ እኛም አይለንም።

የአገር ቤቱን ስመለከት ሚዛኔ ይከብዳል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሙያ ማኅበር በጉባኤው ላይ ለወጣት ሐኪሞች ምርምር ብሎ ገንዘብ ሰበሰበ፤ አዳራሹ ውስጥ ቃል የገባን ሁሉ ከፈልን። ደረሰኙ የመጣው ብዙ ከጠየቅን በኋላ ነው፤ በዓመቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ ልገሳው «ልዩ ልዩ ገቢ» በሚል መስመር ከአዳራሽ ኪራይና ከማስታወቂያ ገቢ ጋር ተደምሮ አገኘነው። ገንዘቡ ተሰርቋል አልልም፤ አይመስለኝምም። ነገር ግን የት እንደዋለ ማንም ሊያሳየን አልቻለም። ኃላፊው በትሕትና «ጋሼ፣ ሁሉም ለማኅበሩ ነው የዋለው» ሲለኝ መልስ አላጣሁም፤ ዕድሜውንና ድካሙን አይቼ ዝም አልኩ።

ሕጉ ሰበብ አይሆንም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሽሮ ከውጭ ገንዘብ ማግኘትን ጨምሮ ብዙ በር ከፍቷል፤ በቀድሞው አዋጅ «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተመዘገበ ማኅበር ከውጭ ሊያገኝ የሚችለው ከገቢው 10 በመቶ ድረስ ብቻ ነበር። አዲሱ አዋጅ ለሦስተኛ ወገን ወይም ለጠቅላላው ሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሐኪሞች ማኅበር ለአባላቱ ጥቅም ነው ወይስ ለሕዝብ የቆመው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ በሕሙማን ስም ልገሳ የሚሰበስብ ማኅበር ግን ራሱን በዚህ መስፈርት ለመመዘን ግዴታ እስኪመጣበት መጠበቅ የለበትም።

አንድ የማይመቸኝ ነገር በሁለቱም በኩል አለ። የአሜሪካው አሠራር ለሰጪዎች በመጠን ደረጃ ያወጣል፤ ብዙ የሰጠ በክብር ማኅበር ውስጥ ይመዘገባል፣ ስሙ ይወጣል። ለገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚጠቅም ይገባኛል። ቀኝህ የሰጠውን ግራህ አይወቀው የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እየሰማ ላደገ ወሎዬ ግን ደረት ላይ የሚለጠፍ ሪባን ያሸማቅቃል። ደግነቱ ስሜ አይውጣ ብሎ መስጠት ይቻላል፤ እኛም እንዲሁ እናደርጋለን።

በአጠቃላይ ለአሜሪካው ኮሌጅ የልገሳ አሠራር ከአምስት ኮከብ አራቱን እሰጣለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት ከትንሽ ከተማና ከትንሽ ደመወዝ ለሚሰጥ ሰው በሩ ጠባብ በመሆኑ ነው። ለአፍሪካው ኮሌጅ ኮከብ ለመስጠት በቂ ጊዜ አልሰጠሁትም፤ ሠልጣኞቹን ግን እየተመረቁ አይቻለሁ፣ ያስተማራቸውም ሆስፒታል እንደ እኛው ያለ ነው። በዚህ ዓመት ከባልደረቦቼ ጋር ያዋጣነውን አብዛኛውን ለሴት ሠልጣኞቹ ድጋፍ፣ የቀረውን ይበልጥ ለሚያስፈልገው ጉዳይ ብለን ልከናል። ለአገር ቤቱ ማኅበር መዋጯችንን በወቅቱ ከፍለናል፤ ልገሳውን በተመለከተ በኦዲት ሪፖርቱ ላይ በራሱ መስመር ተለይቶ እንዲወጣ በደብዳቤ ጠይቀን መልሱን እየጠበቅን ነው፤ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከመዋጮው በላይ አንሰጥም።